«ጥሊያን ቤት ይሠሩ ነበር»፦ የአያትን የአምስት ዓመት ታሪክ እንዴት እናጣራ?

እኛ ቤት አንድ የማይነካ ወሬ ነበር። የእናቴ አባት በአምስቱ የጣሊያን ዓመታት የት ነበሩ? ትልቁ አጎቴ «አርበኛ ነበሩ እንጂ ምን ሊሆኑ ነው!» ብለው ይቆጣሉ። አክስቴ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥሊያን ቤት ይሠሩ ነበር» ይሉና ቡናው ቀጠነ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ጥሊያን ቤት ምን? ወጥ ቤት? አናጢ? መንገድ ሥራ? ወይስ ጠመንጃ ይዘው? ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀብኝ፤ ግማሹ ጊዜ የባከነው ከየት እንደሚጀመር ስላላወቅኩ ነው። እናንተ ቤትም እንዲህ ያለ ወሬ ካለ፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን አስተካክሉ። «ባንዳ ነበሩ ወይስ አርበኛ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የምታገኙት ጠብ ብቻ ነው። ባንዳ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ጭፍራ፣ ቡድን ማለት ነው። ለጣሊያን መኮንን ተራ የሥራ ስም ነበር። ስድብ ያደረገው አርበኛውና ሕዝቡ ነው። ዛሬማ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ማንም ማንን የሚወረውርበት ድንጋይ ሆኗል፤ ጭራሽ አንድን ብሔር በጅምላ ባንዳ የሚሉ አሉ። ይሄ ሐሰት ነው። ከየአካባቢው ከጣሊያን ጋር የቆመም ጣሊያንን የተዋጋም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቤት። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዉትና አራት ነገር ፈልጉ፦ የት ነበሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ አዛዣቸው ማን ነበር፣ ምን ሠሩ።

ከሰው ጀምሩ፤ መዝገቡ ይቆያል፣ ሰው ግን አይቆይም። ያንን ዘመን ለአቅመ አዳም ደርሶ ያየ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ያሉት በልጅነታቸው ያዩና ከእናት ከአባታቸው የሰሙ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት አክስቴን በበዓል ቀን፣ ቤተሰብ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ፊት ለፊት መጠየቄ ነው። ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለብቻቸው፣ ቤታቸው ሄዳችሁ፣ ሥራ ይዘው ሳሉ ጠይቁ። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነው የሰማሁት። ስልካችሁን ለመቅጃ የምታወጡ ከሆነ አስፈቅዱ፤ እምቢ ካሉ ተዉት፣ እንደ ወጣችሁ ወዲያው በማስታወሻ ጻፉት።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። «እማማ፣ አባባ ባንዳ ነበሩ እንዴ?» አይባልም። «እትዬ፣ ጥሊያን ሲገባ አባባ ስንት ዓመታቸው ነበር? ያኔ አግብተው ነበር? እህሉን ማን ያርስላችሁ ነበር?» ይባላል። በማረስ ወቅት ቤት ያልነበረ ሰው ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ስለ ገንዘብ ጠይቁ። ደመወዝ ነበራቸው ወይ? በሊሬ ነው በጠገራ ብር? ጣሊያን ሊሬውን ለማስለመድ ብዙ ሞክሯል፣ ባላገሩ ግን ማርትሬዛውን፣ ያንኑ ጠገራ ብር፣ አልለቅም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ «ሊሬ ያመጡልን ነበር» የሚል ትዝታ ካለ ከመንግሥቱ ጋር የሆነ ግንኙነት ነበረ። ግንኙነቱ ግን መንገድ ሥራም ሊሆን ይችላል፤ አትቸኩሉ። ስለ ጠመንጃም ጠይቁ፦ ምን ዓይነት ነበር፣ ከየት መጣ፣ መጨረሻው የት ደረሰ? የጣሊያን ጠመንጃ መያዝ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ አርበኛው የሚዋጋው ከጠላት በማረከው ነበርና። «ከየት መጣ» የሚለው ታሪክ ነው የሚያስረዳው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። ሰው ያንን ዘመን በቁጥር አያስታውሰውም። በምልክት ጠይቁ። ማይጨው ማለት መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። «ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለ ጊዜ» ካሉ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። «የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ያለቁ ጊዜ» ግንቦት 1929። ግራዚያኒ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን የመጣው በ1930 ነው። ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ የተከሉት ጥር 12 ቀን 1933፣ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ይሄን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። «ከቦምቡ በፊት ነው በኋላ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ወሬ ትበልጣለች።

የዓመቱ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። በ1928 ወደ ጣሊያን የገባ ሰውና በ1931 የገባ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምናልባት ዘመቻው ሳያልቅ ከድቷል፤ እንደ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ፣ የንጉሡ አማች ሆኖ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወደ ጣሊያን እንደ ዞረው። ሁለተኛው ደግሞ ሦስት ዓመት ጫካ ቆይቶ፣ ርሃቡም በሽታውም ጠንቶበት፣ አለቃው ሲገባ አብሮ የገባ ሊሆን ይችላል። መውጫውም እንደዚያው ነው። በ1929 ከነጠመንጃው ወደ አርበኛ የኮበለለ ሰው ነፍሱን በእጁ ይዞ ነው የሄደው። በ1933፣ ንጉሡ ጎጃም ከገቡ በኋላ የዞረው ግን ነፋሱን አይቶ ነው፤ እንደዚያ ያደረገ ብዙ ነው።

ቦታውንም እንደዚሁ አጣሩ። ጣሊያን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን አንድ ላይ ጠቅልሎ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት አለውና በስድስት ከፈለው። ትግራይ ከኤርትራ ጋር ሆና በአሥመራ ሥር ገባች። ጎጃምና ጎንደር ዋና ከተማው ጎንደር በሆነው ግዛት ሥር፣ ኦጋዴን ወደ ሶማሊያ፣ ደቡብ ምዕራቡ በጅማ ሥር፣ ሐረር ለብቻው፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ ለብቻ ቆይተው በኋላ ሸዋ ተባሉ። ከዚያ ሥር ኮሚሳርያቶ፣ ከዚያ ሥር ሬዚዴንሳ የሚባል ጽሕፈት ቤት ነበረ። አያታችሁ የኖሩበት ወረዳ የማን ሬዚዴንሳ እንደ ነበረ ካላወቃችሁ መዝገብ ውስጥ ገብታችሁ ትጠፋላችሁ። ደግሞ ጦርነቱ በሁሉም ቦታ እኩል አላለቀም። ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። የጎንደር ሰው «አምስት ዓመት ከምናምን» ቢላችሁ አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥራው እንምጣ። ለጣሊያን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ይህን ባላውቅ ኖሮ የአያቴን ነገር አልፈታውም ነበር።

አስካሪ የሚባለው መደበኛ የቅኝ ግዛት ወታደር ነው፤ ባታሊዮን አለው፣ ዩኒፎርም አለው፣ ማዕረግ አለው። ሙንታዝ፣ ቡልቅባሽ፣ ሹምባሽ እያለ ይወጣል። ቤተሰብ ውስጥ «ሹምባሽ እገሌ» የሚባል ሰው ካለ በቃ፣ ማዕረጉ ከየት እንደ መጣ ተነገራችሁ ማለት ነው። ብዙዎቹ አስካሪዎች ከኤርትራ ነበሩ። ኤርትራ ከ1882 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረችና በ1928 የዘመተው ልጅ የተወለደው በዚያ ባንዲራ ሥር ነው። እሱን ባንዳ ብሎ መጥራት ለእኔ ልክ አይደለም። ከነሱ መካከል ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የገቡም ጥቂት አይደሉም። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶምም የኤርትራ ልጆች ናቸው። በዚያው ልክ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ላይ በጄኔራል ማሌቲ ትእዛዝ ከቅኝ ግዛት የመጡ ወታደሮች ተሰማርተው ነበር። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኮሳት ተረሸኑ ብሎ ለሮም አስታውቋል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ያዙ።

ዱባት የሚባሉት ነጭ ጥምጥም የሚያስሩ የሶማሌ ጭፍሮች ናቸው። ዛፕቲያ ደግሞ ካራቢኔሪ በሚባለው የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ ሥር ያለ የአገሬው ፖሊስ ነው፤ ቃሉ ከቱርክ የመጣ ነው፣ የእኛ ዘብጥያም ዘመዱ ነው። ከ1928 በኋላ የጣሊያን አፍሪካ ፖሊስ የሚባል ሌላ ኃይልም ተቋቁሞ በየከተማው የአገሬውን ልጆች ቀጥሮ ያሠራ ነበር።

ባንዳ የሚባለው ግን ከነዚህ ሁሉ ልል ነው። አንዳንዱ ጭፍራ በጣሊያን መኮንን ይመራል፣ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ይቆረጥለታል። አንዳንዱ የአካባቢው ሹም ጠርቶት ለአንድ ዘመቻ ወጥቶ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሌላው ሬዚዴንሳውን የሚጠብቅ፣ ግብር የሚያስከፍል፣ አርበኛ ያበላውን ቤት የሚጠቁም ነው። የአያቴ ይሄኛው ነበር። ዩኒፎርም የለ፣ ማዕረግ የለ። ለዚህ ነው አክስቴ «ጥሊያን ቤት» የሚሉት፤ እውነትም ሬዚዴንሳው ግቢ ውስጥ ነበር የሚያድሩት። እንግዲህ የእናንተው ሰው ከየትኛው እንደ ነበሩ ለማወቅ አለቃቸው ማን እንደ ነበረ ጠይቁ። ትልልቆቹ ባላባቶች ሲገቡ ጭፍራቸው አብሮ ይገባ ነበርና የጌታው ስም የሎሌውን መንገድ ይነግራችኋል። ጎጃም ከሆነ ለጣሊያን ካደሩት ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጋር የነበረ ሰው አንድ ነገር ነው፣ ከአርበኛው በላይ ዘለቀ ጋር የነበረ ሌላ ነው።

ፎቶ ካለ በጥንቃቄ እዩት። ታርቡሽ የሚባለው ረጅም ቆብና ወገብ ላይ ባለ ቀለም መቀነት ካለ አስካሪ ነው፤ የመቀነቱ ቀለም ባታሊዮኑን ይለያል፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ቀለሙን አትገምቱ። ነጠላ ለብሶ ዝናር የታጠቀ ሰው ባንዳም አርበኛም ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሮም ያለው የሉቼ ተቋም የዘመኑን ፊልምና ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። የወረዳውን ስም እየቀያየራችሁ ፈልጉ።

ስለ ስም አጻጻፍ ማንም አልነገረኝም፣ ብዙ ወራት በላብኝ። ጣሊያኖች የእኛን ስም በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚጽፉት። «ወልደ»ን በደብሊው አትፈልጉት፤ በዩና በኦ ነው የሚጀምረው። «ሸ»ን ለመጻፍ ኤስና ሲን ያጋጥማሉ፤ «ገብረ» ሲጻፍ ከጂ ቀጥሎ ኤች ይገባል፤ «ከበደ» በሲና በኤች ይጀምራል። ዓመቱም ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ወረቀት ላይ ከፈረንጁ ዓመት አጠገብ የሮማውያን ቁጥር አለ። የፋሺስቶቹ ዘመን ነው፤ ከኦክቶበር 28 ይጀምራል። ቁጥሩ 15 ከሆነ 1922 ጨምሩበት፣ 1937 እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ ወሩ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዘመን ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መቀነስ ነው።

ወረቀቱ የት ይገኛል? አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ቦምቡ የተጣለው በዚያው ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መሆኑን እያሰባችሁ ስትገቡ ልብ ይነካል። ጣሊያን በአማርኛ ያሳትመው የነበረውን «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ጋዜጣ ካገኛችሁ የገቡ ሹማምንትን ስም ልታዩበት ትችላላችሁ፤ ግን ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ገባ የተባለ ሁሉ አልገባም። ከነፃነት በኋላ የነበረውን ለማወቅ የ1933ና የ1934 «አዲስ ዘመን»ን አገላብጡ። በ1942 አካባቢ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር በጣሊያን የጦር ወንጀሎች ላይ ሰነዶችና የምስክር ቃሎች አሳትሟል፤ አሳሪውንም ታሳሪውንም የሚያሳይ ነው።

ሮም ወይም ሚላኖ ዘመድ ካላችሁ ደውሉላቸው። ማዕከላዊው የመንግሥት መዝገብ ቤት የግራዚያኒን ወረቀቶች ይዟል። የጦር ሠራዊቱ ታሪክ ቢሮ የየጦሩን የዕለት ማስታወሻ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ደግሞ የቀድሞውን የአፍሪካ ሚኒስቴር ወረቀት ይዘዋል። ከመሄዳችሁ በፊት በኢሜይል ቀጠሮ ያዙ። ሎንዶን ያለ ሰው ኪው ሠፈር የሚገኘውን ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይሞክር፤ እንግሊዞች በ1933 ሲገቡ ማን ከማን ጋር እንደ ነበረ ብዙ ጽፈዋል። ግን ተስፋችሁን አታግዝፉት። ተራ ባንዳ በስሙ የሚገኝበት ወረቀት ብርቅ ነው። እኔ የአያቴን ስም አንድም ቦታ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት የሬዚዴንሳውን ስምና ከዚያ የወጡ ዘመቻዎችን ነው። እሱም ይበቃል፤ ከአክስቴ ወሬ ጋር ሳጋጥመው ቀኑ ገጠመ።

ሜዳሊያ ካለ ዘንባባውን ቁጠሩ። የአርበኝነት ሜዳሊያ ላይ ያለው ዘንባባ የትግሉን ዓመት ይቆጥራል፤ ባለ 5 ዘንባባ ማለት አምስቱንም ዓመት ነው። ምስክር አቁሞ ያለ ሥራው የወሰደ አለ እየተባለ ያኔም ይታማ ነበር፤ ስለዚህ ሜዳሊያው ብቻውን አይፈርድም። ከነፃነት በኋላ ሹመትና ርስት ሲከፋፈል «አርበኛ፣ ስደተኛ (በጣሊያን ጊዜ ውጭ አገር ተሰድዶ የቆየ)፣ ባንዳ» የሚለው ክፍፍል ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ከጣሊያን ጋር የነበሩ ሰዎች ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ አርበኛው አይቷልና። በጥር 1937 በላይ ዘለቀና፣ በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ይመራ የነበረው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ፣ በጃንሆይ መንግሥት አንድ ላይ ተሰቀሉ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«የውስጥ አርበኛ ነበሩ» የሚል መልስ ከሰማችሁም አትናቁት፣ ዝም ብላችሁም አትቀበሉት። የውስጥ አርበኞች በእውነት ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኛው ጥይትና ወሬ ሲያቀብሉ ተይዘው ተገርፈዋል፣ ጣሊያን አገር እስካለው አሲናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። ስለዚህ ጠይቁ፦ ለማን ነበር የሚያቀብሉት? በማን በኩል? የተቀበለው ወገን ቤተሰብ ያውቃቸዋል? የውስጥ አርበኛ ከውጭ የሚመሰክርለት ሰው ይኖረዋል።

ይሄ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ከባዱ ነገር ያመጣኛል። ወንዝ ማዶ ሂዱ። የራሳችሁ ቤተሰብ የሚያወራው ግማሹን ነው። ባንዳው የወጣበት ዘመቻ የደረሰባቸው ሰዎች ልጆች አሉ፤ እነሱ ወር ሳይቀር ያስታውሳሉ። ስትሄዱ ማንነታችሁን አትደብቁ። ክርክር አታንሡ። የሰሙትን የሌላ ሰው ስም ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ፤ የእናንተን አያት ስም የማውጣት መብት ካላችሁ የጎረቤታችሁን አያት ስም የማውጣት መብት ግን የላችሁም።

እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነው። አያቴ ከ1930 እስከ 1933 መጀመሪያ የሬዚዴንሳ ባንዳ ነበሩ። ከዚያ ከነጠመንጃቸው ወጥተው አርበኛ ጋር ገቡ፤ ሜዳሊያቸው ላይ አንድ ዘንባባ አለ። አጎቴም አክስቴም አልዋሹም ነበር። ግን ሦስቱ ዓመት ቀረ፤ እሱን ያገኘሁት ወንዝ ማዶ ካሉ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ቡናውን ቀዱልኝ። «ሰኔ ነበር» አሉ፤ «እናቴ ትነግረን ነበር። ሲያቃጥሉት ለዘር ያስቀመጥነው ጤፍ አብሮ ነደደ፤ ያን ዓመት አልዘራንም።» የአያቴን ስም ጠርተው እዚያ ነበሩ ብለው አልነገሩኝም፤ አልነበሩም ብለውም አልነገሩኝም። ደብተሬ ላይ ከሜዳሊያው ሥር እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት፤ ሰኔ፣ ጤፉ፣ ሁሉንም። ለአክስቴ ሳነብላቸው አላቋረጡኝም።